ሥራ፦ የቤት እመቤት

በዚህ መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው ስለ ቁጠባና ስለ ብድር አመላለስ ነው። ዛሬ ግን የአንድ ቃል ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። ነገሩ የተነሳው ከሂሳብ መዝገባችን ስለሆነ ከሙያዬ ብዙም አልራቅሁም።

የሰኔን ሂሳብ ስዘጋ የአባላትን የብድር ማመልከቻ ቅጾች አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ቅጹ ላይ «ሥራ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። አንዳንዶቻችሁ «ንግድ»፣ «ልብስ ስፌት»፣ «ጉልት» ብላችሁ ሞልታችኋል። ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁት «የቤት እመቤት» ነው። ጥቂቶች ሰረዝ አድርጋችሁ አልፋችኋል። ሁለት ቅጽ ላይ ደግሞ «የለም» የሚል አየሁ። እዚያ ላይ ቆም አልኩ፤ ይህችን ቃል በገዛ እጄ የጻፍኩበት ቀን ትዝ አለኛ።

ዲፕሎማዬን በያዝኩ ሰሞን እናቴን የቁጠባ ደብተር ላስከፍታት ይዣት ወጣሁ። ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። «ሥራ» የሚለው ጋ ስደርስ ምንም ሳላስብ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የምታነበው ቀስ ብላ ነው። ከመፈረሟ በፊት ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና በጣቷ እየነካች «ምኑ ነው የለም?» አለችኝ። በዚያ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ እንጀራ ጋግራ፣ የታናናሾቼን ምሳ ቋጥራ፣ አልጋ ላይ ያሉትን አያቴን አጥባና አብልታ ነበር ከእኔ ጋር የወጣችው። ሰርዤ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩላት፤ ፈረመች። ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩን ሁለታችንም አላነሳነውም።

በሁለት ቋንቋ በሚታተሙ ቅጾች ላይ ከዚህ ቃል ጎን ተጽፎ የምናገኘው እንግሊዝኛ «ሃውስዋይፍ» ነው። የሁለት ቃላት ጥምር ነው፤ «ሃውስ» ቤት፣ «ዋይፍ» ሚስት። ብዙ ሰው «ባሏ ቤት ያስቀመጣት ሚስት» ማለት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የቃሉን ታሪክ ስከታተል ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

በድሮው እንግሊዝኛ «ዋይፍ» የሚለው ቃል ትርጉሙ በቀጥታ ሴት ነው፤ ያገባችም ያላገባችም። የዚህ ምልክት እስከ ዛሬ በሌሎች ጥምር ቃላት ላይ ይታያል። አዋላጅን «ሚድዋይፍ» ይሏታል፤ «ሚድ» በጥንቱ አነጋገር «አብሮ» ማለት ስለነበር ቃሉ «ከሴቲቱ ጋር ያለች» እንደ ማለት ነው። «ፊሽዋይፍ» ዓሣ ሻጭ ናት እንጂ የዓሣ ሚስት አይደለችም። ስለዚህ «ሃውስዋይፍ» ስትፈጠር የቤቱ ሴት፣ ቤቱን የያዘች ሴት ማለት ነበረች። ቃሉ በጽሑፍ ላይ ከሚገኝባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከዓለም ተለይተው በጸሎት ለሚኖሩ እንግሊዛውያን ሴቶች የተጻፈ መመሪያ ነው። መመሪያው የቤት ጉዳይ የማርታ ድርሻ እንደሆነ፣ የእነሱ ድርሻ ግን የማርያም እንደሆነ ይነግራቸዋል። በሉቃስ ወንጌል ያለችውን፣ በብዙ ነገር የምትባክነውን ማርታ ታስታውሷታላችሁ። እንግዲህ ቃሉ ገና ከጅምሩ የብዙ ሥራ ቃል ነበር።

ባልን የሚሉበት «ሀዝባንድ» የሚለው ቃልም የቤት ቃል ነው። ከሰሜን አውሮፓ በባሕር መጥተው እንግሊዝ አገር የሰፈሩት ሰዎች ይዘውት የመጡት ነው። «ሁስ» ቤት፣ «ቦንዲ» ደግሞ ነዋሪ፣ ቤትና መሬት ያለው ሰው። በአማርኛ ባለቤት ብንለው ፍጹም ይገጥማል! ባል ለመሆን የግድ ሚስት አያስፈልገውም ነበር፤ ቤት ካለው ይበቃል። ያገባ ወንድ ማለት የሆነው ቆይቶ ነው። የኛ ቋንቋ እዚህ ላይ የተሻለ ፍርድ ሰጥቷል እላለሁ። እኛ «ባለቤቴ» ስንል ወንዱም ሴቷም ባለቤት ናቸው። «እመቤት» ስንልም በግዕዙ እም እናት ስለሆነ የቤት እናት፣ የቤት ባለሥልጣን ማለታችን ነው። ቃሉ እንኳን ለሥራ ፈት፣ ለተራ ሰውም የሚሰጥ አልነበረም።

እንግሊዞች እመቤትን «ሌዲ» ይሏታል። የዚህን ሥር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ድሮ ጥምር ቃል ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል ዳቦ፣ ሁለተኛው አቡኪ። ሌዲ ማለት ዳቦ አቡኪ ናት። ጌታ የሚሉት «ሎርድ» ደግሞ ዳቦ ጠባቂ ነው። እሷ ታቦካለች፣ እሱ ይጠብቃል። ሊጡ እጇ ላይ ሳለ ነው እንግዲህ የክብር ስም የወጣላት፤ ኋላ ሌዲ የተባሉት ሴቶች ሊጥ መንካት ሲያቆሙ ስሙ ብቻ ቀረላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1615 ጀርቬስ ማርካም የተባለ እንግሊዛዊ «እንግሊዛዊቷ የቤት እመቤት» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እንዲህ ያለች ሴት ልታውቅ የሚገባትን ሙያ በየምዕራፉ ይዘረዝራል። መጀመሪያ ሕክምና ነው፤ ለትኩሳት፣ ለቁስል፣ ለጥርስ ሕመም የሚሆን መድኃኒት ከቅጠላ ቅጠል ማዘጋጀት። ቀጥሎ ወጥ ቤቱ፣ የትልቅ ድግስ አሰናዳድ፣ ወይን ጠጅ ሳይበላሽ ማቆየት፣ ሽቶና መጠጥ ማንጠር። ከዚያ ሱፍ ማበጠር፣ ማቅለምና መፍተል፣ ተልባና ቃጫ ዘርቶ ልብስ እስኪሆን ማድረስ። ወተት፣ ቅቤና አይብ። ብቅል ማብቀል፣ ቢራ መጥመቅ፣ ዳቦ መጋገር። ሴት አያቴን ያኔ ወስዶ እንግሊዝ አገር የሚያስቀምጣት ቢኖር ቋንቋው እንጂ ሥራው አይቸግራትም ነበር። ጌሾውን ብቻ ትፈልግ ነበር።

ይህን ዝርዝር እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሳየው የአንድ ሰው የሥራ መደብ አይመስልም። መድኃኒት ቤት ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፣ የወተት ማቀነባበሪያ ነው፣ ቢራ ፋብሪካ ነው፣ ዳቦ ቤት ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና የሂሳብ መዝገብ ያለው ድርጅት ሆኗል። በማርካም ዘመን ሁሉም በአንድ ጣሪያ ስር፣ በአንዲት ሴት ኃላፊነት ነበር። ለዚያ ዘመን ሰው «የቤት እመቤት ሥራ አላት ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ገበሬ ሥራ አለው ወይ?» እንደ ማለት ይሆንበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ የቤት ቃላት መንገዳቸው ተለያየ። ከ«ሀዝባንድ» የተወለዱት ቃላት ሁሉ ደህና ቦታ ደረሱ። እርሻና ከብት እርባታ በስሙ ይጠራል። ገንዘብን ወይም ጉልበትን በቁጠባ መያዝ በስሙ ይገለጻል። እንዲያውም የመርከብን ስንቅና ሂሳብ ባለንብረቱን ወክሎ የሚቆጣጠረውን ሰው የመርከቧ «ሀዝባንድ» ይሉታል፤ ማለትም የኔ ሥራ የወንድ ስም ወጥቶለታል!

የሴቷስ? በሰው አፍ ሲፈጥን «ሁስዊፍ» የሚለው «ሀዚፍ» ሆነ፤ ከዚያም አጥሮ «ሀሲ» ሆነ። መጀመሪያ ምንም ክፋት አልነበረበትም። ቀስ በቀስ ግን ሴትን መገሠጫ፣ ቀጥሎም መስደቢያ ሆነ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ «ሀሲ» ማለት ባለጌ፣ ነውረኛ ሴት ነው። ሼክስፒር ቃሉን በሁለቱም መልኩ ተጠቅሞበታል። በአንድ ተውኔቱ ተፈጥሮን ራሷን ለጋስ የቤት እመቤት ይላታል፤ «ኦቴሎ» ውስጥ ግን ያንኑ ቃል ገላዋን ለምትሸጥ ሴት አውሎታል። ያው ቃል፣ ያው ጸሐፊ። በኋላ ሰዎች መልካሟን ከባለጌዋ ለመለየት ሲቸግራቸው «ሃውስ» እና «ዋይፍ»ን እንደገና ሙሉ በሙሉ እየጠሩ አገጣጠሟቸው። ዛሬ የምንሰማው «ሃውስዋይፍ» ይህ የተጠገነው ቃል ነው።

«ሀዚፍ» ሌላ ትርጉምም ነበረው። ወታደሮችና መርከበኞች በኪሳቸው የሚይዟት፣ መርፌ፣ ክርና ቁልፍ የያዘች የጨርቅ ጥቅል በዚህ ስም ትጠራ ነበር። የእንግሊዝ ሠራዊት እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ለወታደሮቹ ያድላት ነበር። ወንዱ ከቤት ሲርቅ ነው መቼም የእመቤቲቱ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ የሚገባው፤ በኪሱ ይዞ እስከ መዞር።

አንድ ሌላ ቃል ልጨምርና ወደ ቁጥሩ እንሂድ። «ስፒንስተር» ማለት ፈታይ ሴት ማለት ነው፤ ንጹህ የሙያ ስም። ባል የሌላቸው ሴቶች በመፍተል ይተዳደሩ ስለነበር ቃሉ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሕግ ወረቀት ላይ ላላገባች ሴት መጠሪያ ሆነ፤ በእንግሊዝ የጋብቻ መዝገብ ላይ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ልብ በሉ። ሙያዋ የጋብቻ ሁኔታ ሆኖ ተጻፈባት። «ሃውስዋይፍ» ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ የጋብቻ ሁኔታዋ በሙያ ቦታ ተጻፈላት። በሁለቱም መንገድ ሥራው ራሱ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ።

ፋብሪካዎች ሲስፋፉ ፈትሉ፣ ሽመናው፣ ጠመቃው ከቤት ወጣ። ወንዱም ደመወዝ ፍለጋ ወጣ። የቀረው ምግብ፣ እጥበት፣ ጽዳት፣ ሕፃናትና በሽተኛ ነው፤ ይህ ደግሞ ደመወዝ የለውም። ሩት ሽዋርዝ ኮዋን የተባሉ አሜሪካዊት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት አዳዲስ የቤት ዕቃዎች ያቀለሉት በብዛት የወንዱንና የልጆቹን ድርሻ ነበር። የብረት ምድጃ ሲመጣ እንጨት የሚፈልጠው ወንድ አረፈ፤ ምግቡን የምትሠራው ግን ያቺው ናት፤ የምድጃው ጽዳትም ተጨመረባት።

ከዚህ በኋላ ነው ቆጣሪዎቹ የመጡት። እ.ኤ.አ. በ1851 በብሪታንያ በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ሚስቶች፣ እናቶችና የቤት እመቤቶች የራሳቸው የሥራ ምድብ ተሰጣቸው። የቆጠራው ሪፖርት እነዚህ ሴቶች ከፍ ያለ ኃላፊነት እንደሚወጡ በግልጽ መሰከረ። በ30 ዓመት ውስጥ ሐሳብ ተለወጠ። በ1881ዱ ቆጠራ እነዚያው ሴቶች «ሥራ የሌላቸው» በሚለው ምድብ ገቡ። ምጣዱ አልተለወጠም፣ የልጆቹ ልቅሶ አልቀነሰም። የተለወጠው ቅጹ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1878 አንድ የሴቶች ማህበር ለኮንግሬስ ደብዳቤ ጽፎ፣ የሕዝብ ቆጠራው ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶችን ከሠራተኛ አለመቁጠሩን ተቃውሞ ነበር። የሴቶች ማህበር በቅጽ ጉዳይ ሲከራከር እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

እናቴን «የለም» ብዬ ስጽፋት እንግዲህ የፈጠርኩት ነገር አልነበረም። ከሌላ አገር ቅጽ ወርዶ ወርዶ እኔ ዘንድ የደረሰ ልማድ ነው።

አሁን የሙያዬ ክፍል መጣ፤ ትንሽ ታገሱኝ። «ኢኮኖሚ» የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ጥምር ነው፤ ትርጉሙም የቤት አስተዳደር። ሳይንሱ ግን ካደገ በኋላ የወጣበትን ቤት ረሳ። አርተር ፒጉ የተባሉ እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ የሚገርም ነገር አስተውለዋል። አንድ ሰው ደመወዝ የሚከፍላትን የቤት ሠራተኛውን ቢያገባት የአገሪቱ ገቢ ይቀንሳል። ሥራዋ ያው ነው፤ ምናልባትም ይጨምራል። ደመወዟ ስለቀረ ብቻ ከአገር ሂሳብ ወጣች።

ይህ ቀልድ አይደለም፤ የአገሮች ሂሳብ እስከ ዛሬ የሚሠራው እንደዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውና ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ያሻሻለው የብሔራዊ ሂሳብ ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት ገበሬ ለቤቱ የሚያመርተው እህል ይቆጠራል። በ1993ቱ ማሻሻያ መሠረት ለቤት የሚቀዳ ውሃና የሚለቀም እንጨትም መቆጠር ይገባዋል። ምግብ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ልጅ ማሳደግ፣ በሽተኛ ማስታመም ግን የቤተሰቡ አባል በነጻ እስከሠራው ድረስ አይቆጠርም። ስለዚህ ውሃውን ቀድታ ስትመለስ ምርት አምርታለች፤ በውሃው ሊጥ ስታቦካ ግን ምንም አልሠራችም። ያንኑ እንጀራ ለጎረቤት ብትሸጠው ደግሞ እንደገና ወደ ሂሳቡ ትገባለች።

የስታቲስቲክስ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ዋጋ ያልወጣለትን ነገር በምን እንመዝነው ይላሉ። ያለ ደረሰኝ አልመዘግብም የምትል ሂሳብ ሠራተኛ ታውቃላችሁ፤ እኔ ነኝ። ስለዚህ ክርክራቸው ይገባኛል። ነገር ግን በዚያው ሥርዓት ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ሰው በገዛ ቤቱ ሲኖር ኪራይ አይከፍልም፤ ደረሰኝም የለውም። ሆኖም ቤቱ ቢከራይ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ይገመትና በአገሪቱ ምርት ላይ ይደመራል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደግሜ አነበብኩት። ማንም ያልከፈለው የቤት ኪራይ በግምት ይመዘገባል፤ ቤቷ ውስጥ የዋለችው ሴት ጉልበት አይመዘገብም። ከጥምሩ ቃል «ሃውስ»ን ቆጥረው «ዋይፍ»ን ተዉት ማለት ነው። ግምት የማይቻል ቢሆን ለሁለቱም አይቻልም ነበር።

ይህን ጉድለት ያነሱ ሴቶች ነበሩ። የኒውዚላንድ የፓርላማ አባል የነበሩት ማሪሊን ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ሙሉ መጽሐፍ ጻፉበት። ከሳቸው በፊት በ1934 ማርጋሬት ሪድ የተባሉ ምሁር ቀላል መለኪያ አውጥተው ነበር። ሌላ ሰው ተከፍሎት ሊሠራልሽ የሚችል ነገር ከሆነ ሥራ ነው። ምግቡን ሌላ ሰው ሊሠራልሽ ይችላል፤ ስለዚህ ማብሰል ሥራ ነው። ሌላ ሰው ሊበላልሽ አይችልም፤ ስለዚህ መብላት ሥራ አይደለም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መለኪያ አላየሁም። ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎችም በ2013 ባደረጉት ጉባኤ ለቤተሰብ ፍጆታ በነጻ የሚሠራውን ሁሉ «ሥራ» ብለው ተርጉመውታል። ስሙ ተመልሷል፤ የአገር ምርት ድምር ላይ ግን ገና አልገባም።

ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በእንግሊዝ አገር እስከ 1870 ድረስ ያገባች ሴት ሠርታ ያመጣችው ደመወዝ እንኳ በሕግ የባሏ ነበር። በዚያ ዓመት የራሷ ደመወዝ ለራሷ ሆነ፤ በ1882 ደግሞ ንብረት በስሟ መያዝ ቻለች። ደመወዝ የሌላትስ? እ.ኤ.አ. በ1943 አንድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሴቲቱ ባሏ ለቤት ወጪ ከሚሰጣት ገንዘብ ላይ እየቀነሰች በኅብረት ሥራ ማህበር ከመቶ ፓውንድ በላይ አጠራቅማ ነበር። ሲለያዩ ገንዘቡ የማን ነው ተባለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የባልየው ነው አለ። የቤት ወጪ እንድትሸፍንበት የሰጣት ገንዘብ ስለሆነ የተረፈው የራሱ ነው። በርካሽ ለመግዛት ገበያ ለገበያ የተንከራተተችበት፣ አሮጌ ልብስ የጠጋገነችበት፣ ከራሷ ሳህን የቀነሰችበት ሁሉ ዜሮ ተብሎ ተመዘገበ።

እህቶቼ፣ ይህን ጉዳይ ሳነብ የማህበራችንን የቁጠባ ካርዶች ነው ያየሁት። ስንቶቻችን ነን ከአስቤዛ ላይ አሥርም ሃያም ብር እየቀነስን የምናመጣው? በዚያ ፍርድ መሠረት ቢሆን ካዝናችን ውስጥ ካለው ገንዘብ ምን ያህሉ የኛ ይሆን ነበር?

እንግሊዞች ይህን ያረሙት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ኤዲት ሰመርስኪል የተባሉ ሐኪምና ፖለቲከኛ ለዓመታት ታግለው በ1964 ሕግ ወጣ። ከቤት ወጪ የተቆጠበ ገንዘብ ሌላ ስምምነት ከሌለ ለባልና ለሚስት እኩል እንዲሆን ተደነገገ። ግማሽ እንኳ ለማግኘት አዲስ አዋጅ አስፈልጓቸዋል።

በኛ አገር በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርገው ነበር። ባል አሽከርና ገረድ ሊያቀርብላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት የሚልም ድንጋጌ ነበረው። እስቲ በሪድ መለኪያ እዩት! ሕጉ ራሱ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ሊሠራው እንደሚችል እያመነ ለሚስት ሲሆን ግን ግዴታ ብቻ አደረገው። ይህ በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተሽሯል። በዚህ ሕግ ባልና ሚስት እኩል ናቸው፤ በትዳር ውስጥ ከሁለቱም ጥረት የሚገኘው ገቢ የጋራ ሀብት ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ጥያቄ ያላት የሕግ ባለሙያ ታማክር። በአዲስ አበባ ግን ከአስቤዛ የተቆጠበው ብር የባል ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የሚስትም ብቻ አይደለም፤ ይህንንም ልንገራችሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ።

አሁን ልናዘዝ። ከላይ «የለም» የሚል ሁለት ቅጽ አየሁ ብያችኋለሁ። አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣ ብድር የጠየቀች እህታችን ነው። ጉዳይዋ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ «የገቢ ምንጭ» የሚለው ባዶ ስለነበር ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተባለ። ያንን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ ካርዷን ስመረምር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አላጎደለችም። ደመወዝተኛ ከሆንነው መካከል ሁለት ሦስት ወር የዘለልን አለን፤ እኔም አንድ ወር ዘልያለሁ። ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ ከቤት ወጪ ላይ ማትረፍ የቻለች ሴት ምን ዓይነት የሂሳብ ችሎታ እንዳላት ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

«የቤት እመቤት» የሚለውን ቃል ከቅጹ እናውጣ አልልም። ታሪኩን ካወቅሁ በኋላ እንዲያውም ወድጄዋለሁ፤ የእንግሊዝኛው ያጣውን ክብር የኛው አሁንም ይዞታል። የማልወደው ብቻውን ሲቆምና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ሲሆን ነው። ስለዚህ የቅጹን ሁለተኛ ገጽ እንደገና አዘጋጅቻለሁ። «ሥራ» ከሚለው ስር ሦስት መስመር ጨምሬያለሁ። የመጀመሪያው ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ትሠሪያለሽ የሚል ነው። ሁለተኛው ከነዚህ ውስጥ ሌላ ሰው ተከፍሎት ሊሠራው የሚችለው የትኛው ነው፣ በሰፈርሽስ ስንት ይከፈልበታል ይላል። ሦስተኛው የምትቆጥቢው ገንዘብ ከምን ላይ ተቀንሶ እንደሚመጣ ይጠይቃል። «ከአስቤዛ» ብሎ መጻፍ በቂ መልስ ነው፤ ማንም አያፍርበት።

ሙከራ እንዲሆን ሁለተኛውን መስመር እናቴን ጠይቄ ሞላሁት። እንጀራ ጋጋሪ፣ ልብስ አጣቢ፣ አስታማሚ እያልኩ በሰፈራችን ዋጋ ስደምር ድምሩ ከኔ ደመወዝ በለጠ። አላመነችኝም፤ ካልኩሌተሩን ተቀብላ ራሷ ደመረችው። ከዚያ «በርበሬ መደለዙን ረስተሻል» አለችኝ።

ረቂቁ በመስከረም ስብሰባ ይቀርባል። የምጣዱ ብድር ጉዳይም በዚያው ቀን እንደገና እንዲታይ ለኮሚቴው ጽፌያለሁ።